ፊት የሌለው በግ

ባለፈው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም...

ሥራዬ በየቤቱ እየሄድኩ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ጋሼ መኩሪያ ኖርዝ ሜልቦርን፣ የመንግሥት ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዝምተኛና ጨዋ ሰው ናቸው።

የዚያን ቀን ሺፍቴን ስጀምር ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አየሁ። ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ የገዙት፣ መቶ ዓመት ያለፈው፣ ባለ ሥዕል የእንስሳት ተረት። እንስሳቱ ኮትና ባርኔጣ አድርገው እንደ ሰው ቆመዋል።

«የልጆች ነው እንዴ ጋሼ?»

«ኧረ የምን ልጆች! ያኔ ሠዓሊ ዳኛውን በመልኩ ቢስለው ይታሰራል። የተኩላ ጭንቅላት ሲገጥምለት ግን... ዳኛው ራሱ እየሳቀ ይገዛዋል።»

ገለጥኩት። ችሎት ነው። ተኩላው ካባ ለብሶ ተሰይሟል፣ ቀበሮዋ ትጽፋለች፣ አህያው በሰንሰለት ታስሯል። በግ ይመሰክራል... ግን በጉ ፊት የለውም። ወረቀቱ ተፈትጎ ተፈትጎ ሳስቷል።

ሌላ ገጽ ገለጥኩ። እዚያም ያለው በግ ፊት የለውም። ሌላም ገጽ... እንደዚያው።

«ጋሼ... ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ። በቀለም ጠቁሯል።

በዚያ ክፉ ዘመን አገር ቤት መታሰራቸውን እዚህ ያለን ሐበሾች ሁላችንም እናውቃለን። «አህያው እርስዎ ነዎት አይደል?» አልኳቸው።

«በጉ ነኝ» አሉ። «አብሮ አደጌ ላይ በውሸት መሰከርኩ። እኔን ፈቱኝ። እሱ በዚያው ቀረ... ሴት ልጁ እዚሁ ሜልተን ሰፈር ናት። ንገሪልኝ ልጄ። እኔ አንደበቴ አልታዘዝ አለኝ።»

ስልክ ቁጥሯን ሰጡኝ። እያመነታሁ፣ እሳቸውም እንዲሰሙ ስፒከር ላይ አድርጌ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «እናቴ ሳትሞት ነግራኛለች። በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን እሳቸውን ፈልጌ ጉልበታቸውን የምስመው ለምን ይመስልሻል?»

ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም። ስልኩን ዘጋችው።

ጋሼ መጽሐፉን ከደኑት። ከዚያ «እሁድ ስንት ቀን ቀረው?» አሉኝ።

እሁድ ራሴ ይዣቸው ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ልጅቷ ነጠላዋን አስተካክላ በሰው መሃል መጣች። ጎንበስ ልትል ስትል ጋሼ ቀድመዋት እግሯ ላይ ወደቁ።

«ይነሱ፣ ጋሼ» አለች በለሆሳስ። እጇን ግን አልዘረጋችላቸውም። እኔ ነኝ ያነሳኋቸው።

ይቅር ብላቸው ይሁን አይሁን አላውቅም... እኔ ብቻ ከዚያ ወዲህ ሰው አክብሮ ሰላም ሲለኝ፣ ምን አውቆብኝ ይሆን ብዬ ልቤ ድንግጥ ይላል።