የጋሼ ወልደማርያም ሰዓት

ሂዳያን የቢሮው ሰው «ቁልፏ» ነው የሚላት። የሸዋ ሮቢት ልጅ ናት፤ አባቷ ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጣሉ። የገበሬዎች ማኅበራችን አዲስ ኮምፒውተሮች ሲገዛ ሲስተሙን የጫነችው እሷ ናት። ሲስተሙ ከነጥበቃው ነው የሚመጣው፤ ትንሽ ከተነሱበት ይቆለፋል፣ ሰዓቱንም ከእሷ በቀር ማንም አይቀይረውም። ሌላው ባለሙያ ሰው ሲያጉረመርምበት ጥበቃውን ይከፍተዋል አሉ። እሷ ግን «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ብላ ፈገግ ትላለች። እኔ የመጋዘኗ ከበቡሽም ስንቴ ተነጫንጬባታለሁ። በዚህ ሙቀት የይለፍ ቃል ማስታወስ ቀልድ መሰላት?

የባሱት ግን ጋሼ ወልደማርያም ነበሩ። ጭነት የሚለቁት እሳቸው ናቸው፤ የመውጫ ወረቀት የሚታተመው በእሳቸው ኮምፒውተር ብቻ ነው። ጠዋት በሁለት ሰዓት ስክሪኑ «ስምንት» ሲላቸው ደማቸው ይፈላል። «ፀሐይ የወጣችው እዚህ ነው ወይስ ፈረንጅ አገር?» ይላሉ። ሰዓቱን ክፈቺልኝ ባሏት ቁጥር ሂዳያ በትሕትና እምቢ ስትላቸው ከረመች።

አንድ ቀን ወደ ማጀቴ ቅርንጫፋችን ልትሄድ ስትነሳ በር ላይ ጠብቀው፣ «አፈር ስሆን፣ ልጄ» አሏት። ሽበታም ሰው አፈር ስሆን ካለ እንግዲህ ምን ይባላል? ተመልሳ የሰዓቱን ጥበቃ ከፈተችላቸው።

«ግን እስክመለስ እንዳይነኩት፣ ጋሼ። ኢንሻአላህ አብረን እናየዋለን።»

«በማርያም፣ ጫፉን አልነካው» አሉ።

ማታ ሊወጡ ሲሉ ሰዓቱን ቀየሩት። በማግስቱ ሁሉንም የሚያገናኘው ዋናው ኮምፒውተር አላስገባ አላቸው። ሰዓቱ ከእሱ ጥቂት ደቂቃ የተዛነፈን ኮምፒውተር እንደ ሌባ ነው የሚያየው፤ የጋሼ ደግሞ ስድስት ሰዓት ነው የራቀው። እሳቸው ይህን ከየት ይወቁት?

ግቢው ውስጥ የእትዬ ትርንጎ ሽንኩርት አይሱዙ ላይ ተጭኖ የመውጫ ወረቀት እየጠበቀ ቆሟል። ባል የሞተባቸው ናቸው፤ የዓመት ልፋታቸው ያ ነው። የሮቢት ፀሐይ ደግሞ ሽንኩርትን ጆንያው ውስጥ ትቀቅለዋለች። ሂዳያ ጋ ደወልን። ገመዱን እዩ አለች፣ አየን። አጥፍታችሁ አብሩት አለች፣ አበራን። ያው ነው። በቃ መጣሁ ብላ ሚኒባስ ፍለጋ ወጣች። ሰዓቱን ጠርጥራ ነበር፤ ግን በማርያም የማሉላትን ሽማግሌ «ነክተውታል ወይ?» ማለት ይሉኝታ ያዛት። ይህን ኋላ ነው የነገረችኝ። በጣም ተናደድኩባት።

እትዬ ትርንጎ ማንንም አልተቆጡም። ነጠላቸውን አውልቀው፣ ውሃ ነክረው፣ መኪናው ላይ ወጥተው ጆንያው ላይ ዘረጉት። ያቺን የምታክል ነጠላ ስንቱን ትሸፍናለች? ጋሼ በመስኮቱ ሲያዩ ቆዩና ስልኬን ተቀበሉኝ።

«ልጄ፣ በማርያም ስም ዋሽቼሻለሁ። ሰዓቱን ነክቼዋለሁ።»

ሂዳያ ቀስ ብላ እንዴት እንደሚመልሱት ነገረቻቸው። መለሱት፣ ገቡ፣ ወረቀቱ ታተመ። ከላይ ያሉት ጆንያዎች ግን ለስልሰው ነበር። ጋሼ ከእትዬ ትርንጎ ጋር ቁጭ ብለው የተበላሸውን ሲለቅሙ ዋሉ።

ሂዳያ እንደተመለሰች ጋሼ ወንበራቸውን ለቀቁላት።

«ዝጊው። ሁለተኛ አፈር ስሆን ብልሽ እንኳ እንዳትከፍቺልኝ።»

ዘጋችው። ከዚያ አንገቷን እንዳቀረቀረች፣ «እኔም ጋሼ፣ ሁለተኛ ከጠረጠርኩዎት እጠይቅዎታለሁ» አለች።