ባትሪ የማይበረክትለት ቀይ መኪና

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከአሥረኛ ክፍል ወዲያ ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ ግን ጎንደር፣ አራዳ ሰፈር፣ ሬዲዮና ሞባይል የምጠግንባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የሞተ ሬዲዮ እየፈታሁ፣ አንዳንዱንም ይበልጥ እየገደልኩት ነው የተማርኩት። ስለዚህ በቤተሰባችን ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ ሲታመም የምጠራው እኔ ነበርኩ። የአጎቴ መኪናም በዚሁ መንገድ እጄ ገባ።

አጎቴ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ቁጥብ ሰው ነው። ሚስቱ እንደምትለው በዕድሜው ያበደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለት በር ያለው፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው ቀይ የስፖርት መኪና የገዛ ጊዜ። ጎንደር ደግሞ ለእንዲህ ያለ መኪና አልተሠራችም። ከግቢያቸው እስከ አስፋልቱ ድረስ ያለው ኮብልስቶን ነው፤ አጎቴ እያንዳንዷን ድንጋይ ሲያልፍ የራሱ ሆድ የተፋቀ ይመስል ፊቱን ያኮማትራል። ስለዚህ መኪናው የሚወጣው ለጥምቀትና ለሠርግ ነበር። ሌላውን ጊዜ ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ይቆማል። አጎቴ በየጠዋቱ የፊቱን ሸራ ገለጥ አድርጎ ያስነሳዋል፣ ትንሽ አጓርቶ ያጠፋዋል፣ ሸራውን መልሶ ያለብሰውና በእግሩ ወደ ሥራ ይሄዳል።

“ባትሪው ቻርጅ እንዲያደርግ ነው” ይላል።

“ጎረቤት እንዲነሳ ነው እንጂ” ትላለች እትዬ። ሚስቱን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። ያ መኪና የቆመበት ቦታ በርበሬ የምታሰጣበት ነበር፤ ይህንንም አልረሳችለትም።

እንግዲህ የመጨረሻ ልጃቸው ልትዳር ሆነ። አጎቴ በሠርጉ ማለዳ ልጁን በዚያ መኪና ቤተ ክርስቲያን ሊያደርሳት ከልጅነቷ ጀምሮ ቃል ገብቶላታል። መኪናው ግን በዚያ ወር ከነጭራሹ መነሳት እምቢ አለ። ማታ ደህና የነበረ ባትሪ ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ጠቅ ብሎ ዝም። እትዬም የንስሐ አባታቸው ለቡራኬ በመጡበት ቀን ነገሩን አነሳችው።

“አባ፣ እኔ ማኪና ጠልቼ አይደለም። የማይሄድ ማኪና ግን ምኑ ማኪና ነው? ይሽጠው በሉልኝ።”

አጎቴ እልህ ያዘው። “ልጄን ቤተ ክርስቲያን ካላደረሰ በማግስቱ እሸጠዋለሁ” አለ።

“ሰምቻለሁ” አሉ አባ፣ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ። በእሳቸው ፊት የተባለ ነገር ተባለ ማለት ነው።

አጎቴ መጀመሪያ የጠራው ጎረቤቱን ነበር። ዕድሜውን በመተማ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሽማግሌ ነው፤ አያ እንለዋለን። አያ ኮፈኑን አስከፍቶ ጆሮውን ደቀነ።

“ዲናሞው ነው” አለ። “ባትሪውን የሚመግበው እሱ ነው። እሱ ከሰነፈ ባትሪው ይራባል።”

ዲናሞው ተፈትቶ ታደሰ። አልበጀም። “እንግዲያው ቺንጋው ላልቶ ነው” አለ አያ፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ ተቀየረ። አልበጀም። ባትሪው ራሱ በአዲስ ተተካ። አዲሱም ተሞልቶ ገብቶ፣ ባደረ ቁጥር ነፍሱ ይወጣ ጀመር። አያ በመጨረሻ “የሰው ዓይን አለበት” ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። ያን ጊዜ ነው እኔን ያስታወሱኝ፤ ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው።

ቴስተሬን ይዤ መጣሁ። ባትሪውን ሞልተን ካስነሳነው በኋላ ለካሁት፤ አሥራ አራት ቮልት አለፍ ይላል።

“ጋሼ፣ ዲናሞው ሸጋ ነው። ይመግባል።”

“ታዲያ ምነው ይራባል?”

“አንደኛ ነገር፣ አይነዱትም። ለማስነሳት የሚያወጣው ብዙ ነው፤ በዚያች የጠዋት ማጓራት አይተካም። ግን በአንድ ሌሊት እንዲህ ባዶ የሚያደርገው ይህ ብቻ አይደለም። ተኝቶም የሚበላ ነገር አለው።”

ሞተሩን አጠፋን። የባትሪውን አንዱን ገመድ ነቅዬ ቴስተሬን በመካከሉ አስገባሁ፤ በገመዱ የሚያልፍ ነገር ካለ እንዲቆጥርልኝ። የተኛ መኪና ከባትሪው የሚቀምሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይህኛው ግን አምፖል እንደበራበት ቤት ይስባል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። የሬዲዮውን ነቀልኩ፣ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። የጥሩምባውን ነቀልኩ፣ ያው ነው። አንዲት ትንሽ ፊውዝ ስነቅል ቁጥሩ ወደቀ። የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ያለውን ሥዕል አየሁት፤ የውስጥ መብራትና የኋላ ዕቃ መጫኛው መብራት ነው። የውስጡ እንደጠፋ በመስኮቱ ይታያል።

“ጋሼ፣ ኋላውን ይክፈቱልኝ።”

እትዬ ከጓዳ ወጣች። እጇ ሊጥ ነው።

“ኋላው ምን አደረገ? በሽታው ፊቱ ላይ አይደለም እንዴ?”

“ልናየው ነው እትዬ።”

“ቁልፉ ጠፍቷል።”

“ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው” አለ አጎቴ።

“እንግዲያው ነገ እዩት። አሁን መሽቷል።”

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች። አጎቴ የኋላውን ሸራ ገፈፈው። ክዳኑ አልተዘጋም፤ በእንጨት ቁራጭ ተደግፎ ገርበብ ብሏል፤ ያ መብራት ደግሞ ክዳኑ ካልተዘጋ አይጠፋም። ሲያነሳው ሰነፍ ቢጫ መብራት በርቶ፣ ከመብራቱ ሥር አንዲት ቀይ ዶሮ የአጎቴን አሮጌ የላቦራቶሪ ጋውን አንጥፋ እንቁላል ታቅፋለች። ቀና ብላ አየችን። አጎቴ ጣቱን ሲዘረጋ በመንቁሯ ወጋችው።

ጣቱን እያሸ አምፖሉን አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ “ባትሪዬን የምትጠጣው ይቺ ናት?” አለ።

“እሷ ውሃ እንጂ ባትሪ አትጠጣም” አለች እትዬ። “ምን ላድርግ? ሸለምጥማጡ ሁለቴ እንቁላሏን ፈጀብኝ። ጓዳ አስቀመጥኳት፣ ገባ። ጣራ ሥር ሰቀልኳት፣ ወጣ። እሱ የማይደርስበት ያንተ ማኪና ብቻ ነው። መብራቱም ራሱ በራላት፣ ብርዱን ቻለችልኝ።”

“ሆን ብለሽ ነው። በአባ ፊት ቃል አስገብተሽ ልታስሸጪኝ ነው።”

እትዬ ሊጧን በቀሚሷ ጠረገች። እንዲህ ተቀይማ አይቻት አላውቅም።

“ይሸጣል ብዬ በማስበው ማኪና ውስጥ ዶሮዬን አስታቅፋለሁ?”

አጎቴ ክዳኑ የተደገፈበትን እንጨት አንስቶ አገላበጠው። እኔም ቴስተሬን መጠቅለል ያዝኩ።

“በሉ ዶሮዋን እናውጣት” አልኩ።

“እንቁላሉ ሊፈለፈል ጥቂት ቀን ነው እኮ የቀረው። አሁን ከተነሳች ትተወዋለች” አለች እትዬ። ይህን ስትል ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሱ ነበር የምታየው።

አጎቴ ጎንበስ ብሎ አምፖሉን ነቀለ። ጋውኑን በዶሮዋ ዙሪያ ጠቀጠቀላትና ክዳኑን በእንጨቱ ላይ መልሶ አሳረፈው። ባትሪው እንደገና ተሞላ። በማግስቱ ጠዋት ተነሳ፤ በሚቀጥለውም ጠዋት ተነሳ። አጎቴ ግን እስከ ሠርጉ ድረስ እንቅልፍ አልያዘውም አሉ።

በሠርጉ ማለዳ ሙሽራዋ ከፊት፣ እኔ ቀሚሷን ታቅፌ ከኋላ በጠባቧ ወንበር ተጣጥፌ ተቀመጥን። አጎቴ አማተበና ቁልፉን አዞረ። ተነሳ። ኮብልስቶኑ ላይ ግን ለእንቁላሉ ፈርቶ ይሁን ለመኪናው ሆድ እንጃ፣ እጅግ ቀስ ብሎ ስለነዳ ከበሮ የያዙት ሴቶች በእግራቸው ቀደሙን። እትዬ ከእነሱ ጋር ናት፤ እያጨበጨበች ዓይኗ ከኋላው ክዳን አይነቀልም። መንገዱ አጋማሽ ላይ ከኋላችን ቀጭን ጩኸት መጣ።

“አባዬ፣ ቺንጋው እየጮኸ ነው” አለች ሙሽራዋ ደንግጣ።

“ቺንጋው አይደለም።”

“ታዲያ ምንድን ነው?”

“ተፈልፍለዋል። ዝም ብለሽ ዓይነ ርግብሽን አስተካክይ።”

አባ በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆመው ይጠብቁ ነበር። መኪናውን አዩት፣ ሙሽራዋን አዩ፣ ከኋላ የሚንጫጫውንም ሰሙ። “ደርሷል” አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አጎቴ ሸራውን ገፍፎ እትዬን ከጎኑ አስቀመጣት፤ ባትሪው እንዲሞላ እስከ አዘዞ ነድቶ፣ የጫጩት መኖ ገዝተው ተመለሱ።