የተደፈነው የጎርፍ ቦይ

ያን ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሰው መጠርጠር ብልህነት የሚመስለኝ ዕድሜ። እናቴ ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ ላይ ያላትን ትንሽ የአትክልት ማሳ ለክረምት የምናዘጋጅበት ሰሞን ነው። ሽንኩርቱን ሳይበሰብስ ነቅለን ከጣሪያ ሥር አስጥተናል፤ የጎመን ችግኙንም መደብ ከፍ አድርገን ሠርተናል። መሬታችን ተዳፋት ስለሆነ ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ጎን የሚያወጣ ቦይ አለን። እሱ ከተደፈነ ጎርፉ የሚሄደው በችግኙ ላይ ነው። ችግኙ ከሄደ ደግሞ እናቴ ክረምቱን ሙሉ ኤረር በር ገበያ ይዛ የምትወጣው ነገር የላትም።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ብወጣ የቦዩ አፍ በድንጋይና በአፈር ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል።

ማን ይሆን ብዬ ብዙ አልደከምኩም። ከጎናችን ጫት ያላቸው ሽማግሌ ሐጂ አሉ። ባለፈው ክረምት «ቦያችሁ የጫቴን ሥር ቦረቦረው» ብለው እናቴን ወቅሰዋታል። ደግሞ በዚያ ጠዋት ሁለት ጊዜ ሰላም አሉኝ። ሰው ያለ ነገር ሁለት ጊዜ ሰላም ይላል? ከዘራቸውን ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤ ጫፉ አፈር ነክቶታል። የገበሬ ከዘራ ምን ሊነካው እንደሚችል አላሰብኩም።

«ሐጂ፣ ቦያችንን ማን ደፈነው?» አልኳቸው።

«ሱብሃነላህ፣ በዚህ ጉልበቴ ድንጋይ ልሸከም?»

«ልጆችዎ ጉልበት አላቸው።»

«ያንን ጉልበት በእኔ ማሳ ላይ ቢያሳዩኝ ዱዓ አደርግላቸው ነበር» ብለው እየሳቁ ሄዱ። መሳቃቸው ይባስ አጠራጠረኝ።

እናቴ «ክፈቺውና እንረፍ» ብላ ዶማውን ስታነሳ ከእጇ ወሰድኩባት። ማስረጃ ነዋ። ቅዳሜ የምጠራቸው የሰፈር ሽማግሌዎች መጥተው በዓይናቸው ማየት አለባቸው። ረቡዕንና ሐሙስን አጥሩ ሥር ተቀምጬ ሐጂን ስጠብቅ ዋልኩ። ሲያስሉ እንኳ ለልጆቻቸው ምልክት የሚሰጡ ይመስለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ሰው ከጁምዓ ሲመለስ፣ ዝናቡ ወረደ። ዶማዬን ይዤ እስክደርስ ጎርፉ የመደቡን ግማሽ ጠርጎ ወስዶታል።

ቅዳሜ ከሽማግሌዎቹ ቀድማ የደረሰችው አክስቴ ናት፣ ድሬ ጠያራ ገጠር የምታርሰው የእናቴ ታናሽ። ሰኞ ስታግዘን ውላ፣ አድራ፣ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ነበር የሄደችው።

ገና ከመግባቷ «ደለሉ ገባላችሁ?» አለች።

«የምን ደለል?»

«ቦዩን የደፈንኩላችሁ ለእሱ አይደል እንዴ። እኛ ጋ የመጀመሪያውን ጎርፍ ማሳው ላይ እንለቀዋለን፤ ለም አፈር ጥሎ ይሄዳል። ከዚያ ነው ቦዩ የሚከፈተው። የነገርኳችሁ መስሎኝ።»

የእነሱ መሬት ሜዳ ነው፤ ጎርፉ ደክሞ ነው የሚደርሰው። የእኛ ተዳፋት መሆኑን እሷ አላሰበችም። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ለአፍታ እሷንም ጠረጠርኳት፤ ሐጂ ልከዋት ይሆን ብዬ።

ወስጄ መደቡን አሳየኋት። ሽማግሌዎቹን እኔ ከመንገድ መለስኳቸው፤ ሐጂ ቤት ለመሄድ ግን እግሬ እምቢ አለኝ። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደችና «የደፈንኩት እኔ ነኝ» አለቻቸው። በሳምንቱ ከራሷ መደብ የነቀለችውን የጎመን ችግኝ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ አመጣች፤ ከእናቴ ጋር ሆና እስኪመሽ ተከለችው።