የክሌማንስ ጭልፋ

ክሌማንስ ፑለንን «ተይ» ብሎ ያስተዋት ሰው እስካሁን አልተወለደም። ጎረቤቷ ነኝ፤ በየጸደዩ እሳቷን የምማግደው እኔ ኦቪድ ነኝና የማወራውን አውቃለሁ። እዚህ ቦስ በሚባለው አገራችን ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ቀኑ ሞቅ ማለት ሲጀምር የሜፕል ዛፍ ውሃውን ይሰጣል። ግንዱን በስተን ባልዲ እንሰቅላለን፤ የተጠራቀመውን ውሃ ጫካ ውስጥ ባለችው የስኳር ጎጆ፣ በሰፊው ገንዳ፣ ሽሮፕ እስኪሆን እናፈላዋለን። ዱሮ ገንዳው ላይ የሚቆመው ወንድ ነበር። ሴት ባቄላና እንቁላል ትሠራለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች፣ በቃ።

ባሏ ሊዮፖልድ ሲሞት ክሌማንስ ጭልፋውን ከሚስማሩ ላይ አወረደችና ገንዳው ላይ ቆመች። የሰፈሩ ወንዶች ሥራ ፈተው መጥተው በር ላይ ተደረደሩ። «ታሳርረዋለች» አሉ። እውነትም አሳረረችው። ገንዳውን ስትፈገፍግ ዋለች፣ በማግስቱ ተመልሳ ቆመች፤ ከዚያ ወዲህ በአካባቢያችን እንደ እሷ ሽሮፕ የሚያወጣ አልተገኘም። እነዚያው ወንዶች ጠርሙስ ይዘው ሲመጡ «ያረረ ነው የምትፈልጉት?» ትላቸው ነበር።

ጫካው በውርስ ለልጇ ለሬዣን ደረሰ። ሬዣን መጥፎ ልጅ አይደለም፤ ግን እንጨት ነጋዴ ነው፣ ዛፍ ሲያይ ሣንቃ ይታየዋል። ከእናቱ ጋር በእኔ ፊት ተስማሙ፦ እሷ እስካፈላች ድረስ አንድ ዛፍ አይነካም፤ ጭልፋውን ባስቀመጠች ማግስት ግን መጋዙ ይገባል። እንግዲህ ያቺ ሴት ጭልፋ ብቻ አልነበረም የያዘችው። ጫካውን በሙሉ በእጇ ይዛ ነው የቆመችው።

አንድ ክረምት ላይ ኃይለኛ ጉንፋን ያዛት። ጉንፋኑ ሲሄድ ማሽተትና መቅመስን ይዞባት ሄደ። ቡና አይሸታት፣ ሽንኩርት አይሸታት፣ ጨው ከስኳር አትለይ። ለማንም አልተናገረችም። እኔም አብሬያት እየዋልኩ አልገባኝም፤ ጭልፋውን ወደ አፏ ስታስጠጋ ያው እንደ ዱሮዋ ዓይኗን ጨፈን ታደርግ ነበር።

ጸደዩ ሳይታሰብ ሞቀና አንድ ምሽት ኩሬው ውስጥ እንቁራሪቶች መጮህ ጀመሩ። እኛ ዘንድ እንቁራሪት ሲጮህ ሁሉም ዝም ብሎ ገንዳው ላይ ያለውን ሰው ያያል። እምቡጡ ካበጠ የዛፉ ውሃ ተለውጦ ጣዕሙ ይበላሻልና፣ የሚያፈላው ሰው እንፋሎቱን አሽትቶ «ይብቃ» ይላል፣ ባልዲው ይወርዳል። ክሌማንስ ፊቷን እንፋሎቱ ውስጥ ከተተች።

«እህስ፣ ተለወጠ?» አልኳት።

«ገና ነው። ማግድ፣ አንተ ወሬኛ።»

ማገድኩ። የእኔ አፍንጫ ከዱሮም በትንባሆ የተደፈነ ነው፣ ምን ዋጋ አለው።

እሑድ ዘመድና ጎረቤት እንደ ልማዱ ወደ ጎጆዋ መጣ። ክሌማንስ ትኩሱን ሽሮፕ በንጹሕ በረዶ ላይ በቀጭኑ አፈሰሰችው፤ ወዲያው ረጋ፣ እንግዳው ሁሉ በእንጨት ስንጥር እየጠቀለለ አነሣ። የሟቹ ባሏ እህት ፊሎሜን ከሁሉም ቀድማ አፏ ውስጥ ከተተችውና መልሳ በረዶው ላይ ተፋችው።

«ኧረ የማርያም ያለሽ! ክሌማንስ፣ የማንን ካልሲ ነው ያፈላሽው?»

ሌላውም ቀመሰ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሬዣን ቀመሰ። ቀስ ብሎ ወደ እናቱ ሄደ።

«እማዬ፣ አልሸተተሽም?»

«አይሸተኝም» አለች፣ ሁሉም እየሰማት። «ከገና ጀምሮ ምንም አይሸተኝም። ምላሴም ሞቷል።»

እኔ አጠገቧ ቆሜ እየዋልኩ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ተሸክማዋለች።

«እንግዲህ...» አለ ሬዣን፣ ድምፁ ለስልሶ። «ተስማምተን የለ እማዬ። ደክመሻል። ጭልፋውን ስጪኝ።»

እጁን ዘረጋ። ክሌማንስ እጁን አየችው፣ ከዚያ ገንዳውን።

«እስካፈላሁ ነው የተባባልነው። እስካሸተትኩ አልተባባልንም» አለች። «ኦቪድ! ይሄን ቆሻሻ ድፋው፣ ገንዳውን እጠበው። ሌሎቻችሁም የእሑድ ልብሳችሁን ሳታዝኑለት ተከተሉኝ።»

«ወዴት?» አለች ፊሎሜን።

«ወደ ሰሜን ተዳፋት። እዚያ ፀሐይ ዘግይታ ነው የምትደርሰው፤ እምቡጡ ገና አላበጠ ይሆናል።»

በረዶው እዚያ ገና እስከ ጉልበት ነበር። ክሌማንስ ከፊት እየቀደደች ወጣች፤ ሬዣን ክንዷን ሊይዝ ሲሞክር መነጨቀችው። የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጋ እምቡጡን በጣቶቿ ጨመቀችው። ጠጣር ነበር፣ እንደ ስንዴ ፍሬ ጥርቅም ብሎ የተዘጋ። ወደ ቀጣዩ ሄደች፣ ደግሞ ወደ ቀጣዩ። አንዱ ሲለሰልስባት «ይሄን ተዉት» አለች፣ የቀሩትን ባልዲዎች ከነውሃቸው አስወረደች። አክስትና የአጎት ልጅ፣ ጎረቤትና አማች፣ ሁሉም ባልዲ ተሸክሞ እያንሸራተተው ወረደ። ፊሎሜን ሁለቴ ወደቀች፣ ሁለቴም ክሌማንስን ረገመች፣ ባልዲዋን ግን አላፈሰሰችም።

ከሰዓቱን ሙሉ አፈላን። እኔ እማግዳለሁ፣ ክሌማንስ አረፋውን ትገፋለች። ጭልፋዋን ነክራ ታነሣለች፤ ውሃው በጠብታ ከወረደ ትመልሰዋለች። እየመሸ ሲሄድ ሽሮፑ ከጭልፋው ጠርዝ እንደ ቀጭን መጋረጃ ተያይዞ መውረድ ጀመረ። መወፈሩን ዓይኗ ነገራት። ጣዕሙን ግን የሚነግራት ማን ነው?

ፊሎሜን አፏን ከፍታ ቀረበች። «አንቺ አይደለሽም» አለቻት ክሌማንስ። «ሬዣን፣ ና።»

እኔ ደሜ ፈላ። የጨዋ ዝምታዬን ትቼ «አብደሻል እንዴ? ከሰው ሁሉ እሱን?» አልኳት። መጥፎ ነው ካለ መጋዙ ጫካው ውስጥ ይገባል፤ ሰውም ማለዳ ያንን ካልሲ ቀምሷልና ያምነዋል።

«ጫካው የሱ ነው፣ ይቅመሰዋ» አለች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ያገኘኸውን ተናገር። መጥፎ ከሆነ መጥፎ በል፣ ጭልፋውን ወዲያውኑ እሰጥሃለሁ። ግን እንዳትዋሸኝ። አዝነህልኝም ቢሆን እንዳትዋሸኝ።»

ሬዣን ጭልፋውን ከእጇ ተቀብሎ እፍ እፍ አለና ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ። ጆሮው ቀላ፤ ልጅ ሳለ ሊያለቅስ ሲል ጆሮው እንዲህ ነበር የሚቀላው። ክሌማንስ ፊቱን ብቻ ነበር የምታየው፣ የጎጆውን ግድግዳ በአንድ እጇ ተደግፋ። ያቺ ሴት ስትፈራ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ንጹሕ ነው» አለ ሬዣን። «ግን በረዶ ላይ ለማፍሰስ ትንሽ ይቀረዋል እማዬ። ቀጭን ነው።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ማግድ!»

ጭልፋውን መለሰላትና ፍልጡን ከእጄ ቀምቶ ምድጃው ፊት ተንበረከከ። እሳቱ ሲንቦገቦግ ጀርባውን እያየች ጠየቀችው።

«ለመጪው ጸደይስ ትመጣለህ?»

«ሌላ ምላስ አለሽ እንዴ?» አላት፣ ቀና ሳይል።