ሰላምታ ያልቀደመው መልእክት

ሐጂራ ስልክ በመደወል የምትተዳደር ሴት ናት። ይህን ሲሰሙ የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ተወልዳ፣ እዚያው ከተማ መርካቶ ከእናቷ ጋር ጨርቅ እየሸጠች ያደገች፣ ድንጋይ ታናግራለች የሚሏት ዓይነት ናት። መንደራ ቆጪ ሰፈር ያለው የሙርሺድ ቢሮ የቀጠራትም ለዚሁ አፏ ነው።

ሙርሺድና ጓደኞቹ ለቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች የስልክ ፕሮግራም ይሠራሉ። ጣቢያዎቹ ከገበሬው የሚረከቡትን እሸት ቡና የሚመዘግቡት በሱ ነው። ልጆቹ አንዳች ነገር ባሻሻሉ ቁጥር ኮምፒውተሩ የጻፉትን ቁርጥራጭ ገጣጥሞ፣ ፈትሾ፣ አዲሱን ፕሮግራም ያወጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው የሐጂራ ነው፤ አጋሮ፣ ሊሙ፣ ጌራ እየደወለች «አዲሱ ወጥቷል፣ ጫኑት» ትላለች፤ ማን እንደጫነ ኤክሴል ላይ ትሞላለች። «ጫኑት» የሚለው ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ ዝናቡ ይጠየቃል፣ የጌራዋ አሚራ አማት ወገብ ይጠየቃል። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ከነዚህ ድምፆች ሌላ ቤተሰብ የላትም፤ አብዛኞቹን በዓይኗ አይታቸው አታውቅም።

አንድ ጠዋት ሙርሺድ፣ እንደ እናት አክብሮ፣ «አዴ ሐጂራ፣ ዛሬ እርስዎ ቁጭ ብለው ይዩ» አላት። ሲም ካርዷን ከስልኳ አውጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ በተሰካች ሞደም ውስጥ ከተታት፤ ጣቢያዎቹ የሚያውቁት የሷን ቁጥር ነዋ። ፕሮግራሙን የሚገጣጥመውን ይህንኑ ማሽን ከኤክሴሉም፣ ከቢሮው ኢሜይልም፣ ከሞደሟም ጋር አገናኝቶት ነበር። አንዲት ቁልፍ ነካ። ማሽኑ ገጣጠመ፣ ፈተሸ፤ ለደንበኞቹ ኢሜይል ሄደ፤ ሠንጠረዡ ማንም ሳይነካው ተሞላ፤ መልእክቱም ለጣቢያዎቹ ሁሉ ባንዴ በረረ።

«አንዱ ጣቢያ ሲጭነው ደግሞ ረድፉ ራሱ አረንጓዴ ይሆናል።»

ሐጂራ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሱብሃነላህ! ጌራ ድረስ? ያን ሁሉ ተራራ አልፎ፣ ሳልተነፍስ?» ከልቧ ተደነቀች፤ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ የምትለፋበት ሥራ ሻይዋ ሳይበርድ አለቀ። ቀጥሎ ደግሞ ሆድ ባሳት። «እኔስ ታዲያ፣ ልጄ?» ልትለው ፈለገች፤ መልሱን ፈርታ ተወችው።

ረድፎቹ ግን ነጭ እንደሆኑ ቀሩ። እኩለ ቀን ሆነ፤ አንድም አረንጓዴ የለም። ሙርሺድ ማሽኑን ደጋግሞ መረመረ፤ እንከን የለበትም፤ መልእክቱ ደርሷል። ግራ ገብቶት ሳለ የግቢው በር በኃይል ተንኳኳ።

ሐጂራ ከፈተች። የአጋሮው ጣቢያ ኃላፊ ዋቅጅራ ነው፤ ለሥልጠና መጥቶ ያውቃታል። ከኋላው ነጠላቸውን ለለቅሶ ያዘቀዘቁ ሴቶች ቆመዋል።

«ሐጂራ ኮ፣ የኔ ሐጂራ! ጅርታ? አለሽ?» ብሎ እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«አለሁ! ምን ሆናችሁ?»

«ከስልክሽ መልእክት ገባ። አዲሱ ወጥቷል፣ ጫኑ ይላል። አካም ጅርቱ የለ፣ እንዴት ናችሁ የለ፣ ልጆቹስ የለ! ብንደውል ዝግ ነው። ሰላም ሳይል ወሬ የሚያወርድ እኛ ዘንድ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው። ሐጂራ በሕይወት ብትኖር እንዲህ አትልም፣ ስልኳን ሌላ ሰው ይዞታል አልን። ከሊሙም ከጌራም ጋር ተደዋወልን፤ ማንም ሊነካው አልደፈረም።»

ሙርሺድ ራሱን ያዘ። ሐጂራ ዞር ብላ ሠንጠረዡን አየች። ያ ሁሉ ነጭ ረድፍ ለሷ የተቀመጠ ለቅሶ ነበር። በማሽኑ ከተደነቀችው የበለጠ ተደነቀች፤ በቁሟ አለቀሰች። ሴቶቹም ለለቅሶ የመጡ ናቸውና አላሳፈሯትም፤ አብረዋት አነቡ።

እንግዶቹ ውኃ ከጠጡ በኋላ ሙርሺድ ወንበሩን ወደሷ አስጠጋ። «አዴ፣ እንዴት እንደሚባል ይንገሩኝ፤ ልጻፈው።»

ሰላምታውን ከነልጆቹ፣ ከነከብቱ፣ ከነዝናቡ ነገረችው። «ጫኑት» መጨረሻ ላይ ገባ። ማሽኑ ባንድ ትንፋሽ ለሁሉም ላከ። ከዚያ ሙርሺድ ሲሟን አውጥቶ ስልኳ ውስጥ መለሰላት።

የአጋሮ ረድፍ አረንጓዴ ሆነ። ሊሙ ተከተለ። ሐጂራ አፏን ከፍታ ስታይ ስልኳ ጮኸ፤ አንስታ ሳትጨርስ ሌላው ጥሪ ከኋላ ገባ፤ ከዚያም ሌላው። ሰላምታ ተልኮለት ዝም የሚል ሰው በዚያ አገር የለም።

«ይሄን ደግሞ ማሽኑ አይችለውም» አለ ሙርሺድ፣ የሚጮኸውን ስልክ በአድናቆት እያየ።

ከጌራ ተራራ የአሚራ ድምፅ ተቆራርጦ መጣ። «ሐጂራ? አለሽ?»

«አለሁ» አለች ሐጂራ እንባዋን እየጠረገች፤ «አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ። የአማትሽ ወገብ እንዴት ሆነ?»