ቅርፊቱ ላይ የቀረችው እናት

ልጅ ሳለሁ ሰርቦ ባለው የወንድ አያቴ ቤት ማገዶ እንዲሁ ዝም ብሎ እሳት ውስጥ አይገባም ነበር። አያቴ ከቡና ማሳቸው የደረቀ ዋንዛ ፈልጠው ሲያመጡ ቅርፊቱን ልጠው ለብቻው ያስቀምጡታል። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ፋኖሱ ሲበራ አንዱን ያነሱና የውስጥ ገጹን ወደ ብርሃኑ አዙረው ተረት ያነቡልኛል፤ ሲጨርሱ ምድጃ ውስጥ ይጨምሩታል። ያኔ ፊደል ስላልቆጠርኩ እውነትም የተጻፈበት ይመስለኝ ነበር።

ደግሞም ተጽፎበታል። ጸሐፊዋ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ጢንዚዛ ናት። አያቴ መሃል ላይ ያለውን ቦይ በጣታቸው እየተከተሉ፣ «ይኼ የእናት መንገድ ነው» ይሉኛል። እሷ ግራና ቀኝ እንቁላሏን እየጣለች ትሄዳለች፤ የተፈለፈሉት ልጆች የየራሳቸውን ቦይ እየበሉ ይርቃሉ፤ መጀመሪያ እንደ ክር የቀጠነው መንገድ እነሱ ሲወፍሩ እየሰፋ ሄዶ፣ ክንፍ አውጥተው በበረሩበት ክብ ቀዳዳ ያበቃል። እኔ ግን ቅርፊቱ የተላጠበትን ዋንዛ በቁሙ ሳለ እወደው ስለነበር ጢንዚዛዋን ጠመድኳት።

«ገዳይ ናት!» አልኳቸው።

«ተይ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» ብለው ሳቁብኝ። «ዛፉን ያደከመው ድርቁ ነው። ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ከግንዱ በሚያመነጨው ፈሳሽ ያሰጥማት ነበር።»

በማግስቱ ማሳው ውስጥ ወስደው ቆሞ የደረቀውን ሌላ ዋንዛ አሳዩኝ። ግንደ ቆርቁር የሚባለው ወፍ ጢንዚዛ ፍለጋ ይቀጠቅጠዋል፣ ሥሩ ላይ እንጉዳይ በቅሏል፣ ቅጠሉ ከረገፈበት በኩል በገባው ብርሃን ደግሞ የቡና ችግኞች ቀና ቀና ብለዋል።

እናትየዋ የት እንደደረሰች ግን ነግረውኝ አያውቁም። ስጠይቃቸው ፍሙን መቆስቆስ ይጀምራሉ። የእኔም እናት፣ አንድ ልጃቸው፣ እኔን ወልዳ ነው የሞተችው፤ በዚያ ቤት ስሟ አይነሳም ነበር። ስለ ጢንዚዛዋ ስጠይቅ የምጠይቀው ስለ እሷ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

አንድ ዝናባማ ምሽት ቅርፊቱን ራሴ አነሳሁት። የእናት መንገድ ከሚጀምርበት ቀዳዳ ውስጥ አንድ የደረቀ ጥቁር ነገር ተወትፏል።

«አባባ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ቅርፊቱን ተቀብለው ወደ ፋኖሱ አስጠጉት። «እሷ ናት» አሉ በመጨረሻ። «እንቁላሏን ስትጨርስ ወደ በሩ ተመልሳ በገላዋ ዘጋችው። ጠላት እንዳይገባባቸው። እዚያው ሞተች።»

«ልጆቿ ያውቋታል?»

«የት አይተዋት።» ከዚያ ፊቴን ወደ ፋኖሱ አዞሩት። «ዘሃራም ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጉድ ነበር። እንዳንቺ።»

ፍሙ አመድ እስኪሆን ስለ እናቴ አወሩልኝ። የዚያን ቀን ቅርፊት ግን አላነደዱትም።

አሁን በምኖርበት በሰቶ ሰመሮ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ልጄ ያንን ቅርፊት ከቁም ሳጥን አውጥታ ታመጣልኛለች፤ እኔም በስልኬ ብርሃን አነብላታለሁ። ጢንዚዛዋ ዱቄት ሆና ከረገፈች ቆይታለች፣ ቀዳዳው ባዶ ነው። ልጄ ግን እዚያ ስትደርስ ጣቷን ታሳርፍበትና ሳልጠይቃት፣ «እዚህ ጋ ዘሃራ አለች» ትላለች።