ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኋት ሕመም

ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጌታ በሕመሜ ውስጥ ያደረገልኝን ልናገር ፈልጌ ነው የወጣሁት። ቁጭ ብዬ ብናገር ቅር አይበላችሁ፤ መቆም ይደክመኛል።

ቢያድግልኝ እባላለሁ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ውስጥ የምኖር ገበሬ ነኝ። በጉልበቴ የምመካ ሰው ነበርሁ። የባለቤቴ የብርቄ ታናሽ ወንድም ይርጋ ጌታን ሲቀበል፣ "ደጄን እንዳትረግጥ" ብዬ ያባረርሁት እኔ ነኝ። አራት ዓመት አላናገርሁትም።

ሕመሙ የጀመረኝ በሽንት ነው። ጓሮ ሄጄ ብዙ እቆማለሁ፤ ጠብ ጠብ ይልና ይቆማል። ብርድ ነው አልሁ። ወገቤን ሲያመኝም የእርሻ ድካም ነው አልሁ። ለብርቄ እንኳ አልነገርኋትም። ወንድሞቼ፣ ምን ብዬ ልንገራት? እንዲህ ያለውን ወንድ አያወራም ስል ሁለት ዓመት ሄደ።

በበርበሬ ለቀማ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ጭራሽ ተዘጋ። ቀትር ላይ ሆዴ ተወጥሮ ማሳው ላይ ወደቅሁ። ጎረቤቶቼ ለቀማውን ትተው፣ በቃሬዛ ዳገቱን እየተቀባበሉ መኪና መንገድ አደረሱኝ። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል በቱቦ ሽንቱን ሲያወጡልኝ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ከዚያ ለምርመራ ባሕር ዳር ላኩኝ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ወንበሩን አስጠጋ።

"አባቴ፣ የፕሮስቴት ካንሰር ነው። ወደ አጥንትዎም ሄዷል። ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን ልናስታግሰው እንችላለን። ካንሰሩን የሚመግበው ከዘር ፍሬዎ የሚመነጨው ነገር ስለሆነ፣ እሱን በቀዶ ጥገና ማውጣት አለብን" አለኝ።

"ወንድነቴን ልታወጡ? ወደ ቤቴ መልሱኝ" አልሁት።

ቱቦውና የሽንት ከረጢቱ እንደተንጠለጠለብኝ ተመለስሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። የቀረውን በርበሬ ጎረቤቶቼ በደቦ ለቅመው አስገቡልኝ። ብርቄ እኔን ማንሣት ብቻዋን ሲያቅታት ወንድሟን ጠራች። ይርጋ መጣ። ስለ ድሮው አንድም ቃል አላነሣም። ከረጢቱን ይደፋል፣ ገላዬን ያጥባል። በሦስተኛው ሳምንት፣ "ለምን ትለፋለህ? እኔ እኮ ያባረርሁህ ነኝ" አልሁት።

"አያ፣ ጌታ እኔን ሲያገኘኝ ከእርስዎ የተሻልሁ አልነበርሁም" አለኝ።

ይኼኔ ስለ ቀዶ ጥገናው ነገርሁት። ብሞት ይሻለኛል አልሁት። "ብርቄን ጠይቀዋታል?" አለ። አልጠየቅኋትም ነበር። ጠርቼ ነገርኋት።

"ስድስት ልጅ ወልደናል" አለችኝ ብርቄ። "ከእንግዲህ የምፈልገው ድምፅዎን ቤት ውስጥ መስማት ነው።"

በዚያው ቀን ይርጋን ጸልይልኝ አልሁት። አብረን እንጸልይ አለ። "ጌታ ሆይ፣ ደክሞኛል፤ ተቀበለኝ" አልሁ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ጌታም ተቀበለኝ። ክብር ለእርሱ ይሁን።

ባሕር ዳር ተመልሼ ቀዶ ጥገናው ተደረገልኝ። የአጥንቴ ሕመም ቀለለ፤ ውሎ አድሮም ያለ ቱቦ መሽናት ቻልሁ። ወደ አገር ስመለስ ግን ማመኔ ቀድሞኝ ተሰምቷል። ጎረቤቶቼ የማርያም ደብር ምእመናን ናቸው፤ ፊት ይነሡኛል ብዬ ፈራሁ። የድሮው የንስሐ አባቴ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ቢያድግ፣ አዝኜብሃለሁ፤ አልዋሽህም" አሉኝ። "ግን ታመህ ሳለ አንተውህም። ማክሰኞ መሬትህ ይታረሳል፤ ለሰዉ ነግሬያለሁ።"

ይርጋን ያባረርሁበት ቀን ትዝ ብሎኝ አፈርሁ። ማክሰኞ ጠዋት በሬዎቻቸውን እየነዱ መጡ። ጌታ ይባርካቸው።

ወገኖቼ፣ ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ድንገት ያልበኛል፣ ጉልበቴ አልተመለሰም፣ አንዳንድ ቀን ከአልጋ መነሣት ይታክተኛል። ነገር ግን ፊቴን ወደ ግድግዳ አላዞርም፤ ሰላም አለኝ። እዚህ ያላችሁ ወንዶች፣ ሽንት ካስቸገራችሁ ለቤተ ሰባችሁ ንገሩ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እምነት ማነስ አይደለም። ጌታን ያልተቀበላችሁም ካላችሁ፣ እስክትበረቱ አትጠብቁ፤ እኔን የተቀበለኝ አልጋ ላይ ሆኜ ነው። ስሙ ይባረክ።

ጸልዩልኝ። ለብርቄም ጸልዩላት፤ እሷም ደክማለች።